በቫርኒሽ የተበላሸችው ትንሽ ቤት

በትርፍ ጊዜያቸው ከካርቶን፣ ከእንጨትና ከጀሶ የቤት፣ የመርከብ ወይም የመኪና አምሳያ የሚሠሩ ወጣቶች በየሰፈሩ አይጠፉም። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች ወራት የፈጀ ድካማቸውን በመጨረሻዋ ሰዓት ሊያጡ የሚችሉበት አንድ አጋጣሚ አለ። ይኸውም ቀለሙን ከአቧራና ከእጅ ንክኪ ይጠብቅልናል ብለው የሚረጭ ቫርኒሽ የሚነፉበት ጊዜ ነው። ነገሩ በቤታችን ደርሶ ብዙ ጠይቀናል፣ ብዙም ሞክረናል። ለሌላውም ሳይጠቅም አይቀርም ብለን እነሆ ጽፈነዋል።

ታናሽ ወንድማችን የሠራት እናታችንና አክስታችን የተወለዱባትን የሐረር ቤት ነበር፤ ሃያ እጥፍ ታንሳ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የሐረሪን ቤት ቢያንስ በፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። ነደባዎቹ ከፍና ዝቅ ብለው ይደረደራሉ፤ ግድግዳው ውስጥ የመጻሕፍትና የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ ከላይ ስፌቶቹ ተሰቅለው ይታያሉ። ወለሉና ነደባው ቀይ ነው። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም ማስታወሻ ነው ሲሉ ታላላቆች ይነግሩናል። እንግዲህ ወንድማችን ይህን ቀይ ለማግኘት ደጋግሞ በጠበጠ። እናታችን በእያንዳንዱ ጊዜ ራሷን ትነቀንቅና “አይደለም ልጄ፣ የእኛ ቤት እንዲህ አይደለም” ትለዋለች። አንድ ቀን ግን አይታ ዝም አለች፤ ቀጥላም “ይኸው ነው” አለች። ያ ቀለም በዚያው አለቀ፤ መጠኑን የጻፈ ሰው አልነበረም።

ቤቲቱ የምትሄደው ቶሮንቶ ለምትኖረው አክስታችን ነው። እሷ ከሐረር ከወጣች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ጉልበቷም ለመንገድ አይሆንም። የሚወስድላት ዘመድ ጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ የሐምሌ ዝናብ ገና ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድማችን በረንዳ ላይ የማያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ነፋባት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወለሉ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ቀዩ ጠፋ። ልጁ ምንም ሳይናገር ገብቶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ምክር በዛ። አንዱ በአኳራጅ ይታጠብ አለ፤ ሌላው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ አለ፤ እናታችን ከሰል አቀጣጥላ አጠገቧ ልታስቀምጥ ተነሣች። ደግነቱ የቤት ዕቃ ቀቢ የሆኑ አንድ ሐጂ ጎረቤታችን ሲመጡ ሦስቱንም ከለከሉ። አኳራጁ ቫርኒሹን ብቻ ለይቶ አያነሣም፣ ከሥር ያለውንም ቀለም ሊያበላሸው ይችላል። ወረቀቱም ያንኑ ቀለም ይዞ ይነሣል። የከሰሉ ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከቆርቆሮው የሚወጣው ጋዝና የቫርኒሹ ትነት እሳት ስለሚይዝ፣ ቫርኒሽ በሚነፋበት አካባቢ ከሰል ቀርቶ ክብሪት አይጫርም።

“ቀለሙ የትም አልሄደም፤ የሸፈነው ጉም ነው” አሉን። እውነትም እንደዚያው ነው። ቫርኒሹ ሲተን የነካውን ነገር ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥበት ከሞላው ውሃው በዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ይጤዛል፣ ገና ያልደረቀው ቫርኒሽም ውስጥ ይገባል። የማያብረቀርቀው ዓይነት ደግሞ ብርሃን የሚያደበዝዝ ደቃቅ ዱቄት አለበት፤ ቆርቆሮው በደንብ ካልተናጠ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ከተነፋ ዱቄቱ ራሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ ሲነፋም ጠብታው በአየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ገጹ በረቂቅ ሻካራነት ተሞልቶ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ ለዓይን ነጭ የሚመስለውም ለዚህ ነው። የደረቀ የወንዝ ጠጠር ውሃ ሲነካው መልኩ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ያ ሻካራ ገጽ በሌላ ቫርኒሽ ከተሞላ ከሥሩ ያለው ቀለም ተመልሶ ይታያል።

ስለዚህ ቤቲቱን ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ ክፍል ውስጥ አቆየናት። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ያውም ከዚያው ከፊተኛው ፋብሪካ የሆነ፣ ተፈልጎ ተገዛ። የሁለት ፋብሪካ ቫርኒሽ አንዳንድ ጊዜ አይስማማምና። መጀመሪያ የተፈተነው በትርፍራፊ ካርቶን ላይ ነው፤ ያንኑ ቀለም ተቀብቶ በረንዳው ላይ አብሮ የነጣ ቁራጭ ተርፎ ነበር። ቆርቆሮው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቆየ (እሳት ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም)፤ ከዚያ ውስጡ ያለችው ኳስ እየተንኳኳች ሁለት ደቂቃ ያህል ተናጠ። ቁራጩ ላይ ቀዩ ሲመለስ ወንድማችን ከመኝታው ተጠራ።

ቤቲቱ ላይ የነፋው ራሱ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ፣ በተከፈተ ቦታ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ሕፃናቱም ርቀው፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ እጁን ሳያቆም በስሱ። ሰዓታት ጠብቆ ደገመው። እናታችን አጎንብሳ እያየች “አልሐምዱሊላህ” ስትል ሰማናት። ወለሉ ግን ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ያበራ ነበርና በማግስቱ የማያብረቀርቀው እንደገና በጣም በስሱ ተነፋበት። በዚህኛው ዙር ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

ጥቂት የወይራ ዘይት በጨርቅ መቀባትም ነጩን እንደሚያጠፋ ሰምተን በዚያው ቁራጭ ላይ አይተነዋል፤ ያጠፋል። ሆኖም ዘይት በነካው ገጽ ላይ ሌላ ቫርኒሽ በደንብ አይዝም፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ ቢሞከር ይሻላል።

ከነደባው ሥር አንድ ማዕዘን ላይ ጥቂት ነጭ ቀርቷል፤ ርጭቱ አልደረሰበትም፣ እኛም አልነካነውም። ቤቲቱ በሰላም ደርሳ አክስታችን ስትደውል ስለዚያ ማዕዘን አላነሣችም። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና በግድግዳው ላይ ያሉትን ጎድጓዳ መደርደሪያዎች መቁጠሯን፣ አንድ መጉደሉንም ነገረችን። እናታችን አልጎደለም ትላለች። ክርክራቸው እስካሁን በስልክ ቀጥሏል።