የመምህር ክረምት

ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ታርሞ ውጤት ከተሰጠ በኋላ፣ መምህር የሆነ ሰው ለጥቂት ቀናት ያህል ባለጸጋ የሆነ ይመስለዋል። ሀብቱ ጊዜ ነው። ከሐምሌ መባቻ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ደወል የለ፣ የትምህርት ዕቅድ የለ። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ገና እጅ ሳይገባ ጠያቂው ይበዛል። እናት ጣሪያው አፈሰሰ ትላለች፤ ባለቤት ዓመቱን ሙሉ ያደረ ጉዳይ አላት፤ ልጆችም አባታቸውን ይፈልጋሉ። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ በክረምቱ መርሐ ግብር ዲግሪያቸውን ለመጨረስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ እነርሱስ ቢያንስ «ትምህርት ነው» የሚል ማመካኛ አላቸው። የእኔ ጉዳይ ግን ማንም ያላዘዘኝ የግል ሥራ ነው።

የእናቴ አባት በዐጀም የጻፏቸው ሁለት ደብተሮች አሉ። ዐጀም ማለት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ሲሆን፣ በወሎ እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ ታላላቅ ዑለማእ መንዙማ የጻፉበት ነው። አያቴ ዓሊም አልነበሩም፤ በሐድራ የሰሙትን ማታ ማታ የሚያሰፍሩ ገበሬ ነበሩ። እነዚያን ደብተሮች ወደ ግዕዝ ፊደል መገልበጥ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መድረሳ የቀራ ሰው ፊደሉን ያውቃል፤ አማርኛውም የአፍ መፍቻው ነው፤ ታዲያ ምን ቸገረው? የሚቸግረው አናባቢው ነው። የዐረብኛው ሐረካ ሦስት ነው፤ የአማርኛ አናባቢ ግን ሰባት። እንደ «ጨ» እና «ጰ» ያሉትን ድምፆች ዐረብኛ ስለማያውቃቸው፣ ጸሐፊው ሁሉ እንደየልማዱ ነጥብ እየጨመረ ይጽፋቸዋል። አያቴ ደግሞ ሐረካውን ጨርሶ ይተዉታል። ቃፍ እና ራ ብቻ ተጽፎ ሲገኝ «ቀረ» ይባል፣ «ቅር» ይባል፣ ወይስ «ቁር»? ይህን የሚለየው ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ቤት ያ ሰው እናቴ ናት። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ዜማውን ስትጀምር ግን ቃሉ ተከታትሎ ይመጣላታል። እስከ መቼ እንደሚመጣላት አላህ ያውቃል።

እናቴ የምትኖረው ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ አባቴ በሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው በየምስማሩ ዙሪያ ዝጎ ተበሳስቷል። ከሁሉ የባሰው የምታድርበት ክፍል ነው፤ የአያቴ ደብተሮች ያሉበት ሣጥንም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ የመምህርን ዕድል ልብ በሉ። ዕረፍቱ የሚሰጠው ለቤት እድሳት ፈጽሞ በማይመች ወቅት ነው። ጭቃ የሚመረገው በበጋ ነው። አፈሩ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየጠጣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሲቦካ ነው ግድግዳ የሚይዘው፤ ከተመረገ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ይሻል። ሐምሌ ላይ ውጭውን የመረገ ሰው በማግሥቱ ሥራውን ከግድግዳው ሥር ወርዶ ያገኘዋል። ስለዚህ በክረምት የሚቻለው ሦስት ነገር ነው፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጣሪያ መጠገን፣ የውስጡን ግድግዳ መለሰን።

በ2017 ዓ.ም. ሌላም አስቸኳይ ነገር ነበር። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ በዚያው በአንዱ የእኛ ዓመት መውሊድ ሁለት ጊዜ ዋለ፤ አንዱ በመስከረም መጀመሪያ፣ ሌላው በነሐሴ ማብቂያ። በሠፈራችን ደግሞ በመውሊድ ሰሞን የእናቴ ቤት እንግዳ አያጣም። እንግዳ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም።

ሐሳቤን ለባለቤቴ ሳዋያት ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ «ያንተ ደብተር ዒባዳ ከሆነ የኔ ቁርኣንስ?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ በመስጊድ ለሴቶች በሚሰጠው የተጅዊድ ትምህርት ተመዝግባ ነበር፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲከፈትላቸው ደግሞ ጊዜ እንደማይኖራት እናውቃለን። ፊቅህ ያልቀራ ሰው አንዳንዴ ከቃዲ የተሻለ ይፈርዳል። ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዤ ለሦስት ሳምንት ወደ እናቴ እንድሄድ፣ ትንሹን እኅቷ እንድትይዝላት ተስማማን።

በሰልማን አል-ፋሪሲ እና በአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) መካከል የሆነውን ታሪክ ቡኻሪ ዘግበውታል። አቡ ደርዳእ በጾምና በሶላት ተጠምደው ቤተሰባቸውን ሲዘነጉ ሰልማን አይተው ገሠጿቸው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማንን እውነት ተናግሯል አሉ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ሰልማን የሌሊቱን ሶላት ተው አላሉም። እስከ ሌሊቱ መጨረሻ አቆይተውት፣ ያኔ አብረው ተነሥተው ሰገዱ። ለእኔ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው አልተሰረዘም፤ ሰዓቱ ተዛወረ እንጂ።

እኔም ደብተሩን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርስ እስኪደርስ ላለው ጊዜ አደረግሁት። ሪያድ የሚሠራው ወንድሜ ገንዘብ ልኮ «ሰው ቀጥረህ ጨርሰው» ብሎኝ ነበር። ለጣሪያው እውነቱን ነው፤ አናጢ ቀጠርን፤ የማይረቡትን ቆርቆሮዎች ለውጦ፣ የቀሩትን ቀዳዳዎች በሬንጅ ደፈነ። ለልስኑ ግን ሰው አልቀጠርሁም። የሰው ጉልበት ይገዛል፤ እናቴ በባዕድ ሰው ፊት መንዙማ አትልም።

እናም ልጆቹ በረንዳ ላይ ጭቃ ይረግጣሉ፤ እኔ እለስናለሁ፤ እርሷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጠዋት የከበደኝን ስንኝ ከፊቱ ጀምራ በዜማ ትወርደዋለች። እኔ በጭቃ እጄ መጻፍ ስለማልችል ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ እጇን ታጥባ ትጽፋለች። አንድ ቀን እናቴ መሐል ላይ ቆመችና፣ «አባዬ ይህን ተሳስቶ ነው የጻፈው፤ ሐድራ ላይ እንዲህ አይባልም» አለች። የቱን ልጻፍ? የአያቴን ጽሑፍ ወይስ የእናቴን ቃል? ልጄ ሳትጠይቀኝ ሁለቱንም ጻፈች፤ አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች። እንደዚያው ተውሁት።

መውሊዱ በደረቅ ቤት ዋለ። የውጭው ግድግዳ ግን እንዳለ ነው፤ ጥቅምትን ይጠብቃል፤ በጥቅምት ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። አጎቴ ጎረቤቶችን ሰብስቦ በደቦ እመርገዋለሁ ብሏል። ሁለተኛው ደብተር ከግማሽ በላይ ይቀረዋል። አሁን ዓርብ ዓርብ ማታ ስልክ እደውልና ከቃሉ በፊት ያለውን ስንኝ አነብላታለሁ፤ እርሷ ትቀጥላለች። መስመሩ ሲቆራረጥ ልጄ እንደገና ትደውላለች።