ዕርቅና ዋሱ በካዛንቺስ

በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው ከጠላት ወረራ ዘመን ነው። ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ሕዝባችንም ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ ካዛንቺስ አለው። የሠፈሩ ስም እንግዲህ ከቤት የተወሰደ ነው። ቤት ባለበት ጎረቤት፣ ጎረቤት ባለበትም ቅያሜ አይጠፋምና፣ ስለዚህ ሠፈር ስንጽፍ ቅያሜ ስለሚፈታበት ሥርዓት ልንናገር ወደድን።

ከነጻነት በኋላ ሠፈሩ እየሰፋ ሲሄድ በየግቢው ብዙ ቤተ ሰብ ተጠጋግቶ ይኖር ጀመር። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ብዙዎችን ሲያገለግል ተራ የጣሰ ሁሉ ነገር ይጭራል። ይሁን እንጂ ያው መቀራረብ አስታራቂም ይወልዳል፤ ጎረቤቱን ለቡና የሚጠሩት እናት፣ የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባቱ የሁለቱንም ወገን ጠባይ ያውቃሉና።

ሥርዓቱን በምሳሌ እንመልከት። ወንድምና እኅት ከእናታቸው በወረሱት ቤት ተጣሉ እንበል። እኅት እናቷን እስከ ዕለተ ሞት አስታምማለች፤ ወንድም ደግሞ ጣራውን በገንዘቡ አሳድሷል። ሁለቱም «ለእኔ ይገባል» ይላሉ፤ ሰላምታም አቋርጠዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የተቀበሏቸው ሦስት ወይም አምስት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ።

የሽማግሌ የመጀመሪያ ሥራው መስማት ነው። ሰው በባላጋራው ፊት የማይናገረው ነገር አለውና፣ አስቀድሞ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያነጋግራል። እኅት ብቻዋን ስትጠየቅ፣ ከቤቱ ዋጋ ይልቅ የሚያንገበግባት ወንድሟ ድካሟን አንድ ቀን እንኳ አለማመስገኑ መሆኑን ትገልጥ ይሆናል። ወንድምም በበኩሉ በለቅሶው ሰሞን ሳይማከር የተደረገ ነገር እንደ ቆረቆረው ይናገር ይሆናል። ብልህ አስታራቂ ይህን በሆዱ ይይዛል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው አያመላልስም።

ከዚያ በኋላ የአንዱም ቤት ባልሆነ ስፍራ፣ በጎረቤት ሳሎን ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። «ነገራችሁን ለሽማግሌ ሰጥታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰጥተናል፣ አባቴ» ሲሉ ይጀመራል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አድርጎ ይናገራል፤ ሌላው ጣልቃ ቢገባ «ተራህን ጠብቅ፣ ልጄ» ይባላል። ሁለቱም ሲጨርሱ «ዘወር በሉ» ተብለው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይመክራሉ። ሲመለሱ «አንቺ በምን ትረኪያለሽ? አንተስ ከምኑ ትለቃለህ?» እያሉ፣ በመለመንም በመገሠጽም ወደ መካከል ያመጧቸዋል። ዳኛ ማን እንደ ረታ ይወስናል፤ አስታራቂ ግን ነገ እንዴት አብረው እንደሚውሉ ይጠይቃቸዋል።

በመጨረሻም ያጠፋው ይቅርታ ይለምናል፤ ካሳ ካለ ይቆረጣል፤ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ ይመረቃሉ። ብዙዎች ሥርዓቱ በዚህ የሚፈጸም ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዋሱ ይቀራል። ዕርቁን የሚያፈርስ ቢነሣ «በእኔ ፊት ቃል ገብተህ አልነበረምን?» የሚል፣ ሁለቱም የሚያፍሩት ሰው መኖር አለበት።

ለሽማግሌ ብቻ የማይተው ጉዳይም አለ። ሚስቱን የሚደበድብ ባል የሕግ ተጠያቂ ነው፤ የተበደለችውን «ቻይው» ብሎ መመለስ ዕርቅ አይባልም። የቤተ ሰብ ሕጉም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ለየብቻም በአንድነትም እንዲያነጋግርና በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩት እንዲያደርግ ቢፈቅድም፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው።

ከሠፈሩ ሳንርቅ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ስንዘልቅ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት የሚያደምቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ ነው። ቻርተሩም በአባል ሀገሮች መካከል የሚነሣ ጠብ በድርድር፣ በዕርቅና በግልግል እንዲፈታ ደንግጎ፣ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ኮሚሲዮን እንዲቋቋም አዘዘ። ጎረቤት መንግሥታትም እንደ ጎረቤት ቤተ ሰቦች ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋልና።

ለዚህ ከተማችን ካየቻቸው ዕርቆች የሱዳኑ ትልቅ ምስክር ነው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዋጉ የኖሩት የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ተዋጊዎች በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲገናኙ፣ መካከላቸው የገቡት የዓለምና የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበራት ነበሩ፤ ውይይቱንም ላይቤርያዊው ቄስ በርጌስ ካር መሩ። ስለ ጦሩ የተነሣው ክርክር በጠና ጊዜ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገብተው አግባቡ፤ በደቡብ ከሚሰፍረው 12,000 ሠራዊት 6,000ው የደቡብ ተወላጆች እንዲሆኑ ተወሰነ። ስምምነቱም የካቲት 19 ቀን ተፈረመ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ሰላም ሆነ። በ1975 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን በሦስት ከፍለው ውሉን አፈረሱ። ያግባቡት ንጉሥ በሕይወት አልነበሩም፤ ቃሉን አስታውሶ የሚያስቆምም ዋስ አልተገኘም፤ ጦርነቱም ተመለሰ።

በ2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ሄዱ። ከቤቶቹ ጋር የዕርቅ ዋሶችም ተበታተኑ፤ ወንድምና እኅት በሁለት ዳር፣ ያስታረቋቸው አባት በሦስተኛው ዳር ሆኑ። ስለዚህ ከዚያ ሠፈር የወጣችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ ዕርቃችሁን በጽሑፍ አስፍራችሁ፣ በምስክር ፊት ፈርማችሁ፣ አንዱን ቅጂ ለሽማግሌው ስጡ፤ ስለ ግልግልና ስለ ዕርቅ የወጣ አዋጅም (ቁጥር 1237/2013) አለና። ከሁሉ በላይ ግን አትለያዩ። ጥር 22 ቀን የቅዱስ ዑራኤል ንግሥ ሲሆን ብዙዎች ወደ ቀድሞው አጥቢያቸው ይመለሳሉ። ያን ዕለት ሽማግሌው የታረቁትን ፈልጎ ያግኛቸው፤ «ዕርቃችሁ እንዴት ሰነበተ?» ብሎም ይጠይቃቸው።