ሞፈር የጠየቁ ሰዎች

ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሟገቱ ሰዎች በተነሱ ቁጥር አንድ ጥያቄ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከኋላቸው ማን አለ? ጥያቄው ብዙ ጊዜ መልሱን አዝሎ ነው የሚመጣው። የገጠር ሰው ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙና ስለ ደኑ በራሱ አስቦ አደባባይ ይወጣል ብሎ የሚያምን ሹም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የከተማ ፖለቲከኛ፣ የውጭ ገንዘብ ወይም የማይታይ እጅ ይፈለግለታል። እኔ ጥያቄው ይጠየቅ ባይ ነኝ። ግን ከምር ይጠየቅ። ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ በምን ይተዳደራሉ፣ ምን ጎደለባቸው፣ ምንስ ጠየቁ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይመርመር። እንዲህ ሲመረመር ምን እንደሚገኝ በደንብ ተመዝግቦ የቆየ ታሪክ አለ፤ በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ውስጥ፣ ጋርዋል ከሚባለው ተራራማ አገር። ዓለም ይህን ታሪክ የሚያውቀው ቺፕኮ በሚል ስም፣ ዛፍ ባቀፉ ሴቶች ሥዕል ነው። ሥዕሉ ሰዎቹን ከማሳየት ይልቅ ጋርዷቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ዛፍ ለማዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቻሞሊ አውራጃ፣ ጎፔሽዋር በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ፣ ዳሾሊ ግራም ስዋራጅያ ሳንግ የሚባል የሥራ ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ ቻንዲ ፕራሳድ ባት ቀደም ሲል በአውቶቡስ ኩባንያ ቲኬት ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ የአካባቢው ተወላጅ ነበር፤ የጋንዲ ተከታይ የነበረውን የጃያፕራካሽ ናራያንን ንግግር ሰምቶ ልቡ ተነካ፣ በኋላም ደመወዙን ትቶ ለመንደር ሥራ ራሱን ሰጠ። ማኅበሩን ያቆመው የእንጀራ ጉዳይ ነው። የጋርዋል ምድር ገደላማ፣ እርሻው ጠባብ ነው። ወንዶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሜዳው ከተሞችና ወደ ጦር ሠራዊቱ ይፈልሳሉ፤ እርሻው፣ ከብቱ፣ እንጨት ለቀማው፣ ሣር አጨዳው በሴቶች ጫንቃ ላይ ይቀራል። በዙሪያቸው ያለው ደን ግን ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ ገብቶ፣ በየጊዜው በጨረታ ከሜዳው ለሚመጣ ተቋራጭ ይሸጥ ነበር፤ ተቋራጩም ቆራጮቹን ከሌላ ቦታ ይዞ ይመጣል። ማኅበሩ የፈለገው ከዚህ ሀብት ለአገሬው ድርሻ እንዲደርስ ነው። የቀን ሠራተኛውን አደራጀ፤ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ፤ የጥድ ሙጫ ማጣራትም ሞከረ። ይህን ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የቺፕኮ ሰዎች በደኑ ሊጠቀሙ የተደራጁ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። በጁላይ 1970 የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ ድልድይ፣ መንገድ፣ አውቶቡስና መንደር ጠርጎ ሄደ፤ ደለሉም እስከ ሜዳው ድረስ ወርዶ የመስኖ ቦይ ደፈነ። የማኅበሩ ሰዎች እህልና ልብስ ተሸክመው ወደ ተጎዱት መንደሮች ሲወጡ ናዳው የበረታው የት እንደሆነ አዩ፤ በላያቸው ያለው ቁልቁለት በተራቆተባቸው ቦታዎች። የሂማላያ ጎርፍ ምን ያህሉ ከዛፍ ቆረጣ፣ ምን ያህሉ ከዝናቡና ከተራራው ጠባይ እንደሚመጣ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። የባትና የጓዶቹ ዕውቀት ግን ከመጽሐፍ አልተቀዳም፤ ከየትኛው ቁልቁለት ሥር የትኛው ቤት እንደተቀበረ በእግራቸው ሄደው ያዩት ነው። ለመንግሥት አቤት አሉ። ሰሚ አላገኙም፤ ጨረታው ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የሆነውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አይከብድም፤ በበሬ ለሚያርስ ሕዝብ ሞፈርና ቀንበር ምን እንደሆኑ የሚነገረው የለምና። በጋርዋል ለእርሻ መሣሪያ የሚመረጠው አንጉ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ለበሬ ጫንቃም አይከብድም። ማኅበሩ እንደ ወትሮው ለወርክሾፑ ጥቂት ዛፎች እንዲፈቀዱለት ጠየቀ። የደን መሥሪያ ቤቱ ከለከለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከዚያው ዛፍ በብዛት፣ አላሃባድ ለሚገኝ የስፖርት ዕቃ አምራች ኩባንያ ፈቀደ። ለገበሬው ሞፈር የተነፈገው እንጨት ለቴኒስ መምቻ ተሰጠ ማለት ነው። በኤፕሪል 1973 የኩባንያው ሰዎች ማንዳል ወደምትባለው መንደር ሲመጡ የአካባቢው ሕዝብ ከበሮ እየመታ ወጥቶ ጠበቃቸው፤ ሳይቆርጡ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ፋታ ወደሚባል ሌላ ደን ቢሄድ እዚያም ሕዝቡ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ዛፉን አቅፈን እንይዛለን የሚለው ሐሳብ የተወለደው በእነዚህ ቀናት፣ መሣሪያ በሌላቸው ሰዎች ስብሰባ ላይ ነው።

የሬኒ ቀን የመጣው በዓመቱ ነው። ሬኒ ወደ ቲቤት ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ቦቲያ የሚባሉ፣ ከቲቤት ጋር ጨውና ሱፍ ሲለዋወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ህንድና ቻይና ሲዋጉ ድንበሩ ተዘጋ፣ ንግዱ ሞተ፣ ከመሬታቸውም ለጦሩ ተወሰደ። ስለዚህ ደኑ የቀረላቸው ነገር ነበር። በማርች 26 ቀን 1974 ወንዶቹ ለዓመታት ሲጠብቁት የቆዩትን የመሬት ካሳ ትቀበላላችሁ ተብለው ወደ ቻሞሊ ተጠሩ፤ ባትም በባለሥልጣናት ስብሰባ ተይዞ ጎፔሽዋር ቀረ። በዚያው ዕለት ቆራጮቹ ወደ ደኑ ወጡ። አንዲት ልጅ አይታ ሮጣ ለጋውራ ዴቪ ነገረች። ጋውራ ዴቪ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ የመንደሩ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። ሃያ ሰባት ሴቶችና ልጃገረዶች አስከትላ ወጣች። ለመኑ፣ ተከራከሩ፣ ማስፈራሪያም ስድብም ደረሰባቸው፤ ግን ከዛፎቹ ፊት አልተነሱም፣ ሌሊቱንም እዚያው ጠበቁ። በማግሥቱ ወንዶቹ ደረሱ፤ ቆራጮቹ ወረዱ። ቀጥሎ በእጽዋት ሊቁ በቪሬንድራ ኩማር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ደኑን አጠና። የመንደሩ ሴቶች ትክክል ነበሩ አለ፤ በሬኒና በአላክናንዳ የላይኛው ተፋሰስም ለንግድ የሚደረግ ቆረጣ ለ10 ዓመት ታገደ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፤ ክብደቱንም አልክድም። እነዚህ ሰዎች ለተፈጥሮ ሳይሆን ለጥቅማቸው ነው የቆሙት፣ ዛፉን ለራሳቸው ስለፈለጉት ነው ይባላል። የታሪክ ምሁሩ ራማቻንድራ ጉሃ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ እንቅስቃሴውን በጋርዋልና በኩማዮን ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሮ ከታዩት የገበሬ አመጾች ጋር አያይዞ ነው የተረጎመው፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ይህ የሚያሳፍር ሆኖ አይታየኝም። ከደኑ ማገዶ፣ መኖ፣ ሞፈርና የምንጭ ውኃ የሚያገኝ ሰው ደኑ እንዲኖር የሚፈልግበት ምክንያት ከማንም ይበልጣል፤ ተቋራጩ አንዴ ቆርጦ ይሄዳል፣ የመንደሯ ሴት ግን ከነልጇ እዚያው ትኖራለች። ለዚህ ማስረጃው ከ1974 በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ካምፕ እያደረገ ገበሬውን፣ ተማሪውንና ሴቶቹን አሰባስቦ በተራቆቱት ቁልቁለቶች ላይ የድንጋይ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፤ ችግኞቹ የጸደቁትም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተከሏቸው በእጅጉ በላቀ መጠን ነው። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ሴቶቹ የሚጠቅማቸውን ዛፍ መረጡ፤ ከብት እንዳይገባም ራሳቸው ጠበቁ። ችግኝ ተከላን በተተከለው ቁጥር የመለካት ልማድ ባለበት በማንኛውም አገር፣ በእኛም ጭምር፣ ይህ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው።

ሌላው ክርክር፣ መሪዎቹ የተማሩ ወንዶች ነበሩ፣ ሴቶቹ ተከታዮች ናቸው የሚል ነው። ዱንግሪ ፓይንቶሊ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1980 የሆነው ይህን ያፈርሰዋል። የመንደሩ ወንዶች ምክር ቤት መንገድ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተስፋ ተሰጥቶት ደኑ እንዲመነጠር ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ሴቶቹ በባሎቻቸው ላይ ተነሱ፤ ማገዶ ፍለጋ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር የሚሄዱት እነርሱ እንጂ ፈራሚዎቹ አልነበሩም። የማኅበሩ ሰዎችም ከሴቶቹ ጋር ቆሙ። ሕዝቡ አንድ ልብ ነበር ማለት አልፈልግም፤ አልነበረም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ሃሪፕሪያ ራንጋን የተባለች ተመራማሪ አጥብቃ እንደጻፈችው፣ ቺፕኮ በዓለም ዝነኛ ከሆነ በኋላ የተራራው ሕዝብ ተጎዳ። በ1980 የወጣው የደን ጥበቃ ሕግና ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ አረንጓዴ ዛፍ ለንግድ እንዳይቆረጥ የተጣለው የ15 ዓመት እገዳ መንገድና የውኃ መስመር መዘርጋትን ሳይቀር አዘገዩ፤ የሥራ ማኅበራቱም ገቢያቸውን አጡ። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከዚያው ከቺፕኮ ምድር ሰዎች ተነስተው ልማት ታገደብን በማለት ዛፍ እስከ መቁረጥ ደረሱ። ይህን አልፎ ቺፕኮን የሚያወድስ ሰው ሐቀኛ አይደለም። ሆኖም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የተጠየቀውንና የተሰጠውን ማነጻጸር ይበቃል። የጎፔሽዋሩ ማኅበር የጠየቀው የውጭ ተቋራጭ ይቅር፣ ገደላማው ይጠበቅ፣ ከቀረው ደን አገሬው ይጠቀም የሚል ነበር። ሰንደርላል ባሁጉና ደግሞ ከዚያው ጋንዲያዊ ትውልድ የወጣ፣ በጾሙና በሺህ ኪሎ ሜትሮች የእግር ጉዞው የተከበረ ሰው ሲሆን፣ ቆረጣው ፈጽሞ እንዲቆም ጠየቀ። ዴልሂም ዓለምም የሰሙት ይህን ሁለተኛውን ነው። ለመንግሥት ቀላሉም እርሱ ነበር፤ ሥልጣኑን ለመንደሩ ሳያካፍል ቁረጡ ሲል የነበረው መሥሪያ ቤት አትቁረጡ ማለት ጀመረ። ባሁጉናን ለመውቀስ አይደለም፤ ቅን ሰው ነበር፣ በ2021 እስኪሞት ድረስም ለዚያው ምድር ኖሯል። ገበሬዎቹን የጎዳቸው ግን ሥዕላቸው ሲሰቀል ጥያቄያቸው መውደቁ ነው። ሞፈር የጠየቁ ሰዎች የዛፍ ወዳጆች ተብለው ተሸኙ።

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ከሬኒ በላይ ካለው የሮንቲ ተራራ ግዙፍ ዐለትና በረዶ ተንዶ ወደ ሸለቆው ወረደ። በሪሺጋንጋ ወንዝ ላይ የተሠራውን የኃይል ማመንጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ ታፖቫን ላይ ይገነባ የነበረውን ሌላውንም ክፉኛ ጎዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ አብዛኞቹ በግንባታው ላይ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ገና አደጋው ሳይደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የሬኒ ነዋሪ ስለ ግንባታው ፍንዳታ ለኡታራካንድ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ነበር። ከአደጋው በኋላ አምስት ሰዎች፣ ሦስቱ ከሬኒ፣ ሁለቱ ከጆሺማት፣ ለሁለቱ ፕሮጀክቶች የተሰጠው ፈቃድ እንዲሰረዝ በዚያው ፍርድ ቤት ከሰሱ። በጁላይ 2021 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ከሳሾቹ የማኅበራዊ ጉዳይ ተሟጋች መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር አላቀረቡም፣ የማይታወቅ ሰው ወይም አካል መጠቀሚያ ናቸው ሲል። እያንዳንዳቸውም 10,000 ሩፒ እንዲከፍሉ ቀጣ። ስለ ሬኒ ለመናገር ሬኒ መኖር አልበቃም ማለት ነው። የጋውራ ዴቪ መንደር ሰው ተሟጋችነቱን በወረቀት ማስመስከር ነበረበት።

ይህ ውሳኔ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ግድቦቹ ያለኝ አቋም ምንም ቢሆን። ኃይል ማመንጫ ያስፈልግ ይሆናል፤ የተራራው ሕዝብም መብራት ይፈልጋል። ክሱም በማስረጃ ሊረታ ይችል ነበር። ነገር ግን ቤቱ ከወንዙ ዳር ያለ ሰው የፍንዳታውን ድምፅ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የምንጩን መድረቅ ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ እርሱን አታውቅም ብሎ የሚያባርር ዳኝነት ያጣው የሰውየውን ክብር ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ነው። ከአምስቱ ሁለቱ የመጡባት ጆሺማት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በወረደ ናዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በመንግሥት የተቋቋመ ኮሚቴም ገና በ1976 ከባድ ግንባታ እንዳይካሄድባት አስጠንቅቆ ነበር። በጃንዋሪ 2023 የመሬቷ መስመጥ በረታ። ከ800 በላይ ሕንፃዎቿ ተሰነጠቁ፤ ነዋሪዎቿም በብርዱ ወራት ቤታቸውን ለቅቀው ወጡ።