በውሃው ዳር የቆመው ልጅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፍልህ የራሴን ጥፋት ልነግርህ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የሌሎችን ስሕተት በቀይ ቀለም ሳርም ኖሬአለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የራሴን ባርም፥ ቢዘገይ እንጂ ነውር አይሆንም።

የምኖረው በሜጋ ነው። ሜጋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፥ ነፋሷ የሚበርድ ከተማ ናት፤ ከእርስዋ በታች የተዘረጋው የቦረና ቆላ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ በአቅራቢያው የለውም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጠበቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀሩና የቦረና ከብት አለቀ። የልጄ ልጅ ይህን ያየው በዓይኑ ነው። በዱብሉቅ በኩል ከእናቱ ወንድሞች ጋር ከብት ይጠብቅ ነበርና፥ ከአርባ ከብት ሦስት ሲተርፉ ቆጥሮአል።

በ2016 ዓ.ም. በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ልጁን ይዤ ወደ ወንዶ ገነት ሄድሁ። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነበር። ልቡ ደስ እንዲለው አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ በነበርሁ ጊዜ መምህራችን ስለዚያ ፍል ውሃ ያጫወቱንን ሳልረሳ ኖሬ፥ ራሴም ማየት እፈልግ ነበር።

መንገዱ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከያቤሎ አልፈን ቡሌ ሆራ ስንደርስ ምድሩ አረንጓዴ መልበስ ጀመረ፤ በዲላ ቡናና እንሰት መንገዱን ዘጋው። ልጁ አፍንጫውን ከመስኮቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ሰዓት ዝም ካለ በኋላ፥ «አካኮ፥ ይህን ሁሉ ማን ያጠጣዋል?» አለኝ። አካኮ ማለት በእኛ አገር አያት ማለት ነው። «እግዚአብሔር» አልሁት። ጥቂት አሰበና፥ «እኛስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መምህር ነኝ፤ ለዚህ ግን መልስ አልነበረኝም። የተኛሁ መሰልሁ።

ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ ብዙ ሳይርቅ በሲዳማ ምድር በደን በተሸፈነ ተራራ ሥር ያለ ቦታ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርግና በስምጥ ሸለቆው ሥር ካለው የጋለ ዐለት ደርሶ ይሞቃል፤ በዐለቱ ስንጥቅ በኩልም ተመልሶ ይወጣል። ከምንጩ አፍ ላይ እጅ አያስገቡበትም፤ ሰዎች በቆሎና ድንች ይዘው መጥተው ይቀቅሉበታል። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ይዘልላሉ። ኢትዮጵያዊ ፍል ውሃን የሚወድደው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፤ አዲስ አበባ እንኳ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የፊንፊኔን ፍል ውሃና አካባቢውን ስለ ወደዱት ነው።

ከመዋኛው ደረስን። ውሃው ይጨሳል፤ ለሽርሽር የመጡ ተማሪዎች ይጮኻሉ፥ ይረጫጫሉ። ልጁ ከዳር ቆመ። «አባ ሄሬጋው የትኛው ነው?» አለኝ።

አንባቢዬ የቦረና ሰው ካልሆንህ ላስረዳህ። በእኛ ቆላ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል ተደርድረው ይቆሙና ባልዲውን እየተቀባበሉ፥ በዜማ ከብቶቻቸውን እያወደሱ ውሃውን ያወጣሉ። ስለዚህ የሚዘፍኑ ጉድጓዶች ይሏቸዋል። ዛሬ የማን ከብት ቀድሞ ይጠጣል፥ ነገስ የማን ይከተላል የሚለውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። ተራው ሳይደርስ ወደ ውሃው የሚገባ የለም።

«እዚህ አባ ሄሬጋ የለም፤ በር ላይ ገንዘብ ከፍለናል» አልሁት።

«ሰዎቹ ምን ፈልገው ገቡ? በሶዳ ሰው ወደ ውሃ የሚገባው ጨው ለማውጣት ነው።» የኤል ሶድን ሐይቅ ማለቱ ነበር። ያ ጥቁር ሐይቅ ከሜጋ ብዙም በማይርቅ በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል፤ ወንዶች ጆሮአቸውንና አፍንጫቸውን ደፍነው እየጠለቁ ከሥሩ ጨው ያወጣሉ።

«እዚህ የሚገቡት ለደስታ ነው» አልሁት።

ሳቀ። ነገር ግን አልገባም። ጎንበስ ብሎ ውሃውን ይመለከታል፥ ወደ ማዶ ሄዶም ይመለከታል፥ ተመልሶ ይመጣል። ተማሪዎቹ እያዩት ይሳሳቁ ጀመር። አንዱ የሆነ ነገር ተናገረና ሁሉም ሳቁ። እኔም አፈርሁ። በልጁ አፈርሁ፤ በጫማው፥ በአነጋገሩ፥ በመቆሙ አፈርሁ። በክፍሌ ውስጥ ስንት ጊዜ «በባልንጀራችሁ አትሳቁ» ብዬ የገሠጽሁ ሰው፥ ከሚስቁት ጋር ወገንሁና፥ «ፈሪ! አታሳፍረኝ እንጂ ግባ!» ብዬ ጮኽሁበት።

ልጁ አየኝ። ሸሚዙን አወለቀና አጣጥፎ በእጄ ላይ አኖረው። ከዚያም ከቆመበት ዘለለ። የቆመው በጥልቁ በኩል ነበር።

ሁለት ጊዜ እጁን አየሁ፤ ከዚያ አላየሁትም። እኔ ዋና አላውቅም። ሜጋ ላይ የት እማረዋለሁ? ሸሚዙን እንደ ያዝሁ በዳሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሮጥሁ፥ ጮኽሁ፤ ከልጆቹ ጩኸት ግን የእኔን ማን ይለየዋል? በመጨረሻ አንድ የአካባቢው ጎልማሳ ልብሱን ሳያወልቅ ገብቶ በብብቱ ይዞ አወጣው። በጎኑ አስተኛው። ልጁ ውሃ አስመለሰ፥ ሳለ፥ አለቀሰም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ወደ መጠመቂያው የሚያስገባው ሰው አጥቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታምሞ ስለኖረ ሰው ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ልጄ ደግሞ የሚያስገባ ሰው አግኝቶ ሊሞት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ ውሃ በልቶታል፤ ግማሽ ያህሉ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ነው። ከእነዚህ ስንቱን «ፈሪ» የሚል ቃል እንደ ገፋው የሚቈጥር የለም።

ማታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ፥ «ለምን ቆመህ ቀረህ?» አልሁት። «ጥልቀቱን እያየሁ ነበር» አለኝ። «አጎቴ ከጉድጓድ ሲያወርደኝ፥ ከታች የነበረውን ሰው ሳትጠይቅ እግርህን አታሳርፍ ብሎኛል። እዚህ የምጠይቀውን ሰው እየፈለግሁ ነበር።» ትንሽ ቆይቶም፥ «ውሃው ከዚህ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? የሚጠጣው ሰው ካለ እግሬን ሳልታጠብ መግባቴ ጥሩ አልነበረም» አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አስተማሪ ሆኜ ተማሪን፥ አያት ሆኜ ልጅን ይቅርታ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንደበቴ አልለመደውምና ቃሉን ሁለት ጊዜ ሳትሁት።

በማግሥቱ ያ ጎልማሳ ራሱ መጣ። ልጁን ወገቡ ድረስ በሚደርሰው በኩል አስገባው። በመጀመሪያ ያስተማረው እጅና እግርን አይደለም፤ ትንፋሽን ነው፤ ከውሃው በላይ መሳብ፥ ፊትን አስገብቶ በቀስታ ማውጣት። ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍን አሳየው። ሳንባው አየር የሞላ ሰው፥ ካልታገለ፥ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል፤ የሚያሰጥመው መንፈራገጡ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዐሥር ክንድ ያህል ዋኘ። እኔ እግሬን በውሃው ነክሬ እየቈጠርሁ ተቀምጬ ነበር። ዋጋ ልክፈልህ ብለው ጎልማሳው እንቢ አለኝ፤ ምሳ ግን አብሮን በላ።

ስንመለስ በዱብሉቅ ወረድን፤ ልጁ አጎቶቹን ሊያይ ፈልጎ ነበር። ከብት እያጠጡ ደረስን። ወዲያው ልብሱን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደ፥ ከታች ካሉት ጋር ተጠራራና ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁን በዜማው ውስጥ ለይቼ ሰማሁት። ወደ አፉ ተጠግቼ ቁልቁል ባይ ጨለማ ነው፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

«አካኮ! ና ውረድ፥ ይበርዳል!» ብሎ ከታች ጠራኝ።

«አልችልም» አልሁት።

«እሺ፥ እዚያው ቁም» አለኝና ባልዲውን ተቀበለ።