ሁለቱ ሽቦዎች

የካሴቱ ሽፋን ላይ «ጀነሲስ» የሚል ቃል ስለነበረ እናቴ መንፈሳዊ ፊልም መስሏት ነበር። ከለንደን ለእረፍት የመጣችው አክስቴ ከሻንጣዋ ስታወጣው «ዘፍጥረት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አዎ፣ የአንድ ነገር ዘፍጥረት ነው» አለቻት። የዚያን ቀን ማታ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ካሴቱ ዴኩ ውስጥ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመጡት ግን አዳምና ሔዋን ሳይሆኑ ጭጋግ፣ ምሽግና የጋዝ ጭንብል ያጠለቁ ወታደሮች ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ቡናቸውን ጠጥተው አንድ በአንድ ወጡ። እስከ መጨረሻው የቀረነው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን።

ውድ አንባቢያን፣ ስለዚያ ፊልም የማወራችሁ ትዝታው ስለጣፈጠኝ ብቻ አይደለም። አክስቴ በቅርቡ ዲቪዲውን ላከችልኝና እንደገና አየሁት፤ በልጅነቴ ያላስተዋልሁት ጥያቄም አገኘሁበት። ጥያቄው የእናንተም ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የእንግሊዙ ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ዶክተር» ብቻ ተብሎ የሚጠራ፣ ሰው የሚመስል ግን ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ሲሆን በጊዜና በጠፈር ይጓዛል። እኛ ያየነው «የዳሌኮች ዘፍጥረት» ስድስት ክፍል አለው፤ በ1975 ከማርች 8 እስከ ኤፕሪል 12 በየቅዳሜው ተላለፈ። በቪዲዮ ካሴት የወጣው በ1991፣ በዲቪዲ ደግሞ በ2006 ነው። ደራሲው ቴሪ ኔሽን፣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ማሎኒ ናቸው። ዶክተሩን ሆኖ የሚጫወተው ቶም ቤከር በወጣትነቱ መነኩሴ ለመሆን ለጥቂት ዓመታት በካቶሊክ ገዳም የኖረ ሰው ነው።

ዳሌኮች በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ፣ ከራሳቸው ዘር በቀር ሌላው ሕይወት ሁሉ መጥፋት አለበት ብለው የሚያምኑ ፍጥረታት ናቸው። ኔሽን ልጅነቱን ያሳለፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ዳሌኮቹንም ናዚዎችን እያሰበ ነው የፈጠራቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ድራማው አርጅቷል። ስካሮ የተባለችው ሩቅ ፕላኔት በእንግሊዝ አገር ያለ የድንጋይ ካባ መሆኗ ያስታውቃል። በአንድ ቦታ ላይ ከዶክተሩ ጓደኞች አንዱን አንድ ግዙፍ ቅርፊታም የባሕር ፍጡር እግሩን ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ የወጣቶች ክፍሌ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ታሪኩ ግን አላረጀም።

በስካሮ ላይ ካሌድና ታል የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ለሺህ ዓመት ተዋግተዋል። ሀብታቸው ስላለቀ በአንድ ምሽግ ውስጥ ዘመናዊውና ኋላ ቀሩ መሣሪያ ተደባልቆ ይታያል። ምሽጉ ሰው ያለበት እንዲመስል የሞቱት ወታደሮች ሳይቀሩ ተደግፈው ቆመዋል። ከካሌዶች ወገን ዳቭሮስ የሚባል፣ አካሉ የተጎዳ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ታላቅ ሳይንቲስት አለ። ሕዝቡ የሚተርፈው ርኅራኄ ከውስጡ ሲወጣለት ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ርኅራኄ የሌለው ፍጡር ሠራ። ያ ፍጡር ዳሌክ ነው።

ዶክተሩ የተላከው ይህን ልደት እንዲያስቀር ነው። ዳሌኮቹ ገና ጽንስ ሆነው በሚያድጉበት ክፍል ፈንጂ አጥምዶ ሁለት ሽቦ በእጁ ይዞ ቆመ። ሽቦዎቹን ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን እጁን ገታ። ይህን ለማድረግ መብት አለኝ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው ሣራ የበሽታ ጀርም ቢሆን ኖሮ ታመነታ ነበር ወይ ብትለውም እጁ አልታዘዘለትም።

እኔና ወንድሜ ያን ጊዜ «አገናኘው እንጂ!» ብለን በቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸናል።

አሁን በጎልማሳነቴ ሳየው ዓይኔ የገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ያለ አንድ ትዕይንት ነው። ዶክተሩ ዳቭሮስን ይጠይቀዋል፤ ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ተሕዋስ ቢኖርህ ትለቀዋለህ? ዳቭሮስ ትንሽ ያስባል። ከዚያም ጣቶቹን የሌለ ነገር እንደያዘ ሰው እያያቸው፣ ድምፁ በደስታ እየጋለ፣ አዎን አደርገዋለሁ ይላል። በአንደኛው እጅ ውስጥ ምንም የለም፤ ባለቤቱ ግን ወስኗል። በሁለተኛው እጅ ውስጥ እውነተኛ ሽቦ አለ፤ ባለቤቱ ግን አልቻለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእውቀት አይደለም፤ ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው።

ይህን ድራማ ለወጣቶች ክፍሌ በሦስት ቅዳሜ፣ ሁለት ሁለት ክፍል እያደረግሁ አሳየኋቸው። ሽቦዎቹ ጋ ስንደርስ አቆምሁትና «እናንተ ብትሆኑ?» አልኋቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙን በጦርነት ያጣ፣ እጁን ሳያወጣ «ጋሼ፣ እኔ ብሆን አገናኘው ነበር» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ምን ልበለው? የእኔ ወንድም በሕይወት አለ። ትናንትና ደውሎልኛል።

ዶክተሩ ለማመንታቱ ሁለት ምክንያት ያቀርባል። አንደኛው፣ ዳሌኮችን ፈርተው ወደ ፊት ብዙ ጠላት የነበሩ ዓለማት ወዳጅ ይሆናሉ የሚል ነው። ይህን ምክንያት ለዚያ ልጅ አልደግመውም። የወንድምህ ሞት ለሌላው ጥቅም አለው ብሎ ማጽናናት ማጽናናት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይከብዳል፦ አንድን ዘር ከነጽንሱ ካጠፋሁ ከዳሌኮች በምን እሻላለሁ? ይህ ጥያቄ ገዳዩን ንጹሕ አያደርገውም። የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው።

ድራማው ማመንታትን ዝም ብሎ አያሞግስም። ዶክተሩ ዳቭሮስ እጁን ሰጠ የሚል ወሬ ሲሰማ እፎይ ብሎ ሽቦውን ይተዋል፤ ወሬው ግን ወጥመድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፈንጂውን ሊያፈነዳ ይመለሳል። በመጨረሻም ሽቦዎቹን የሚያገናኛቸው በላያቸው የሚያልፍ አንድ ዳሌክ ነው። ዳሌኮቹም ፈጽመው አይጠፉም፤ ለሺህ ዓመት ያህል ይዘገያሉ እንጂ። ክፋትን መከላከል እንደሚያስፈልግ ታሪኩ ያውቃል። የሚፈራው እጃችን በቀላሉ የሚታዘዝበትን ቀን ነው።

ምክንያቱም የዳቭሮስን መንገድ ተከተሉት። የራሱ ሕዝብ መሪዎች ሥራውን ሊያስቆሙት ሲሉ የከተማቸውን ጉልላት የሚያዳክመውን ቀመር ለጠላት ሰጠ፤ ታሎችም በሮኬት አወደሟት። በመጀመሪያ ያለቁት ወገኖቹ ናቸው። ከዚያ ዳሌኮቹ ወደ ታሎች ከተማ ገቡ። ከዚያ አብረውት የሠሩትን ሳይንቲስቶች ጨረሱ። በመጨረሻ ወደ እሱ ዞሩ። እንዲራሩ ሲለምናቸው ቃሉን አያውቁትም፤ ርኅራኄ የሚል ነገር በውስጣቸው የለም። ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ጥላቻ «ለእነዚያ ብቻ አትራራ» እያለ ይጀምራል። ነገር ግን ርኅራኄ ለጎረቤት የሚበራ፣ ለጠላት የሚጠፋ አምፖል አይደለም። አንዴ ከተነቀለ ለእናትህም አይበራም።

በዚያ ዘመን ሜሪ ዋይትሃውስ የተባሉ እንግሊዛዊት ክርስቲያን፣ ይህ ድራማ ለሕፃናት ጭካኔ ያሳያል ብለው አጥብቀው ይቃወሙት ነበር። ስጋታቸውን አልንቅም፤ ታናናሾቻችሁን አስቀምጣችሁ እንድታሳዩአቸውም አልመክርም። ለእናንተ ግን ጭካኔው ከየት እንደሚወለድ የሚያሳይ ታሪክ ይጠቅማችኋል እላለሁ።

ጌታ በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ ላይ አገልጋዮቹ ሄደን እንንቀለው ሲሉ ከለከላቸው። እንክርዳዱን ስንዴ ነው አላለም፤ መከር አይመጣም አላለም። የፈራው ለስንዴው ነበር። ይህን ምሳሌ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! እንዲህ ቅርብ የሆነብኝ ግን ያ ልጅ ከኋላ ሆኖ ከተናገረ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁሉም ሲወጡ ልጁ የፕሮጀክተሩን ገመድ ሊጠቀልልልኝ ቀረ። ጠቅልሎ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ዳቭሮስ ወንድም ነበረው?» አለኝ።

«በዚህ ታሪክ ውስጥ አልተነገረም» አልሁት።

ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ኖሮት ይሆናል። ጦርነቱ ወስዶበት ይሆናል» አለ።

ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለወንድሙ ግን አብረን ጸለይን፤ ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ጠርቶልኝ አያውቅም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህን ድራማ ካገኛችሁት ብቻችሁን አትዩት። ካዘነ ሰው ጋር እዩት። ሽቦዎቹ ጋ ስትደርሱ አቁሙትና ተጠያየቁ፤ ለመመለስም አትቸኩሉ።