በካሌ ወደብ ከስደተኞች ጋር የቆሙት

በቤቱ ሶፋ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ተነጥፎ ያላደገ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ቃሉን የወሰድነው ከፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይ ደግሞ ዳንቴል ሲነሣ ስማቸው አብሮ ከሚነሣ ከተሞች አንዷ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ያለችው ካሌ ናት። የካሌ ዳንቴል እንደ እናቶቻችን በኪሮሽ ሳይሆን በከባድ ማሽን የሚሠራ ነው። ማሽኑን ያመጡት መጤዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1816 ከኖቲንግሃም የተነሡ እንግሊዛውያን፣ ማሽን ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለውን የአገራቸውን ሕግ ጥሰው በድብቅ ባሕሩን አሻገሩት። ካሌም በዚህ ሥራ ከበረች። በ1848 በፓሪስ አብዮት ፈንድቶ ሥራ ሲቆም ግን በፈረንሳይ የእንግሊዝ ሠራተኞች ላይ ቁጣ ተነሣ፤ ከካሌ ዳንቴል ሠሪዎችም በመቶዎች የሚቆጠሩት ከነልጆቻቸው በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጓዙ።

ዛሬ ካሌን የምናውቃት በሌላ ወሬ ነው። በድብቅ የሚሻገረው አሁን ሰው ነው፤ አቅጣጫውም ከዚህ ወደ እንግሊዝ ነው።

የምኖረው ቤልጅየም ነው፤ ለማስተርስ መጥቼ በዚያው ሶፍትዌር ስሠራ ቀረሁ። ባለፈው መኸር የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ለካሌ ስደተኞች የክረምት ልብስ ሰብስቦ ነበርና ካርቶኖቹን መኪናዬ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ከጌንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ወደቡ ሲቃረቡ መጀመሪያ የሚታየው ባሕሩ አይደለም፤ ከላዩ ስል ሽቦ የተጠቀለለበት ረጅም ነጭ የብረት አጥር ነው። ለዚህ አጥር ገንዘብ የከፈለችው ብሪታኒያ ናት። መሃል ከተማ ሲገቡ ደግሞ ድንጋይ ይጀምራል። ድንኳን ይተከልባቸው የነበሩ ቦታዎች ላይ፣ ሰው ጎኑን እንዳያሳርፍ፣ በሬ የሚያህሉ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አላፊ አግዳሚው አያያቸውም፤ ለምዷቸዋል።

እንዴት እዚህ ተደረሰ ብትሉ፣ ከሁሉም በፊት መልሱ የካርታ ጉዳይ ነው። ባሕሩ ከሁሉ በሚጠብበት ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ የእንግሊዝ ነጭ ገደሎች ከዚህ ይታያሉ። በ1999 በአጠገቡ ባለችው በሳንጋት የቀይ መስቀል መጠለያ ተከፈተ፤ በ2002 መገባደጃ ተዘጋ። ያኔ መቶ የሚጠጉ ስደተኞች ካሌ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አንወጣም ብለው ነበር፤ በፖሊስ ወጡ። በየካቲት 2003 በለ ቱኬ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ደግሞ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂዎች ፍተሻቸውን እዚህ ፈረንሳይ ምድር ላይ ያደርጋሉ። ማለፍ ያልቻለ ሁሉ የሚቀረው ካሌ ነው ማለት ነው። የካሌ ሰው ምሬት ግማሹ ከዚህ ይመነጫል፤ ድንበሩ የሌላ አገር፣ ጣጣው የእነሱ።

ከዚያ በኋላ «ጃንግል» የተባለው ሰፈር መጣ። በ2016 መስከረም መንግሥት ከ6,000 በላይ፣ የረድኤት ድርጅቶች ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቆጥረውበታል። አሸዋማው ሜዳ ላይ፣ በድንኳኖቹ መሃል፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከእንጨትና ከላስቲክ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። አንዴ ተቃጥሎባቸው እንደገና አነሡት። በነሐሴ 2015 ቢቢሲ የእሑድ የመዝሙር ፕሮግራሙን ለመቅረጽ ወደዚያ ሲሄድ አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች ተቆጥተው ጻፉ። በሥዕሎቹ ላይ ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ በዚያ ጭቃ መሃል ጫማ በር ላይ ወልቋል። ነጠላው ነጭ ነው። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ሰፈር ነጠላን ነጭ አድርጎ ማቆየት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ስለ ስደተኞች አገልግሎት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ሰጪውን እንጂ ተቀባዩን አናይም፤ የመጀመሪያውን መቅደስ የሠሩት ግን ራሳቸው ስደተኞቹ ናቸው። በ2016 የካቲት የሊል ፍርድ ቤት የሰፈሩ ደቡብ ክፍል ይፍረስ ብሎ ሲፈቅድ የጸሎት ቤቶችንና ትምህርት ቤቶችን አስቀርቶ ነበር። በጥቅምቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ ፈረሰ።

ካርቶኖቹን ከማድረሴ በፊት ቡና የጠጣሁበት ቤት ባለቤት ስልሳ ዓመት የሚያልፋቸው ሴት ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ቡናውን ግን ቀዱልኝ። ዳንቴል ፋብሪካው አባታቸውን አሰናብቶ እንደነበር፣ ለገበያ ይመጡ የነበሩ እንግሊዞች ከተማዋን መሸሻቸውን፣ የእህታቸው ልጅ ካሚዮን ሲነዳ ሌሊት መንገድ ላይ ግንድ ተጋድሞ መሪ አዙሮ እንደተረፈ ነገሩኝ። «እኛን ማን ጠየቀን?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። በ2016 መስከረም የካሚዮን ሾፌሮች፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች አውራ ጎዳናውን የዘጉት በዚሁ ስሜት ነው። ዘረኛ የሆነ አለ፤ «ካሌን እናድን» የሚል ማኅበር በ2013 ተቋቁሞ ሰልፍ ይወጣ ነበር። እኚህ ሴት ግን ዘረኛ አልመሰሉኝም። የደከማቸው ሰው ናቸው። ይህን መለየት ለሚያገለግሉትም ይጠቅማል እላለሁ።

ድካም ግን ሥልጣን ሲይዝ ሌላ ነገር ይሆናል። በየካቲት 2017 ሰኩር ካቶሊክ የተባለው የካቶሊክ የረድኤት ድርጅት ለስደተኛ ልጆች የገላ መታጠቢያ ሊተክል ሲል ማዘጋጃ ቤቱ በሩ ላይ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ አቁሞ ዘጋው። ፍርድ ቤት ገንዳው ይነሣ አለ። በወሩ ከንቲባዋ የምግብ እደላ እንዳይካሄድ ከለከሉ፤ ያንንም ዳኛ ሻረው። በሐምሌ መጨረሻ የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሃና መጸዳጃ ይቅረብ የሚለውን ትእዛዝ አጸና። አስቡት፤ ለተጠማ ውሃ ማጠጣት ጠበቃ የሚያስፈልገው ሥራ ሆነ። የካሌ ክርስቲያኖች ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር የአስተዳደር ሕግም ለመማር ተገደዋል።

ልብሱን ያስረከብኩበት የቀን ማረፊያ ውስጥ ዓይኔን የሳበው ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ሶኬት ነው። ማካፈያ በማካፈያ ላይ ተሰክቶ፣ በመቶ የሚቆጠር ስልክ ተደርድሮ ይሞላል፤ እንደ ሙያዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ሽቦው እንዳይነድ ነው። ሾርባው ጋ ወረፋው አጭር ነው፤ ሶኬቱ ጋ ረጅም። ከአርሲ የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አማርኛ ስናገር ሰምቶ «ወንድሜ፣ ከኃይለኛው ሶኬት ጋ አስጠጋልኝ» አለኝ። እናቱ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፤ ስልኩ ከተዘጋ ባሕር የበላው ይመስላታል። ጃኬት መርጦለት እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ድንኳኑን ፖሊስ በየሁለት ቀኑ ገደማ ያነሣዋል፤ ጃኬት አብሮ ይሄዳል። ስልክ ኪስ ውስጥ ነው።

ይህ የድንኳን መነሣት ነው በጥቅምት 2021 አንድ የ72 ዓመት ኢየሱሳዊ ቄስና ሁለት ባልንጀሮች በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የረሀብ አድማ እንዲያደርጉ ያደረጋቸው። በክረምት ሰው አይፈናቀል፣ ድንኳኑና ብርድ ልብሱ አይወሰድ ነበር ጥያቄው። ቄሱ 25 ቀን ጾሙ፤ ሁለቱ እስከ ኅዳር አጋማሽ ቀጠሉ። መንግሥት አስታራቂ ልኮ ጥቂት ቃል ገባ፤ ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አድማው ካበቃ ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 24፣ አንዲት የላስቲክ ጀልባ ባሕሩ መሃል ሰጠመች። 27 አስከሬን ተገኘ። ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት።

ካሌ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር በማግስቱ ማታ ሪሽሊዩ በሚባለው መናፈሻ ሰው ይሰበሰባል። የሟቹ ስም ከታወቀ ይነበባል፤ ሻማ ይበራል። ማንም መምጣት ይችላል፤ ካቶሊኩም፣ እስላሙም፣ ምንም የማያምነውም ይመጣል። በሰሜኑ መቃብር የእኛም ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱ ላይ ስም አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም።

ማረፊያው ውስጥ የምታገለግል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጎረቤቷ ሰላምታ ካቆማት አራት ዓመት እንደሆነው ነገረችኝ። ይህን የነገረችኝ ልብስ እያጣጠፈች፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚወራ ነው። የገና ዕለት አሁንም ኬክ በሩ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ሰላምታው ግን የለም። ልወጣ ስል ደብተሯን አውጥታ አንድ ስም አሳየችኝ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የሞተ ወጣት ነው፤ በ«ጸ» ይጀምራል። መናፈሻው ውስጥ ስታነበው አጥፍታው ይሆን ብላ ትጨነቃለች። ድምፄን ስልኳ ላይ ቀዳሁላት። ደጋግማ ሞከረችው፤ «ጸ»ው አልወጣላትም። «እስከ ቅዳሜ እለማመደዋለሁ፤ ወንድሙ ከስዊድን ይመጣል» አለችና ስልኳን ከሌሎቹ ጋር ሶኬቱ ላይ ሰካችው።