ስለ ገደል እሬትና በቤት ውስጥ ስለ አያያዙ

ቤትን የሚያስጌጠው ምንጣፍና መጋረጃ ብቻ አይደለም። በመስኮት አጠገብ በማሰሮ የተተከለ አንድ ለምለም ቅጠል፥ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ዕረፍት፥ ለሕፃናትም ትምህርት ይሆናል። ይህም ልማድ በከተማችን በአዲስ አበባ እየሰፋ መሄዱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በብዙው ቤት የምናየው ተክል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በአገራችን ገደል የበቀለውን፥ ከኢትዮጵያም በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ተክል የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህም አንዱ የገደል እሬት ነው።

እሬትን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በመራራነቱ ነው። እጅግ የከፋ ነገር ሲገጥመን እንደ እሬት መረረን እንላለን። እናቶችም ሕፃኑን ጡት ሊያስጥሉ ሲፈልጉ በጡታቸው ጫፍ ላይ ይቀቡታል። ደግሞም በብዙ አገር በመቃብር ላይ ይተከላል፤ የሚያጠጣው ሰው ሳይኖር ለምልሞ ይቆያልና። ስለዚህ እሬት በማሰሮ ተክለን በእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ባስቀመጥን ጊዜ አማታችን «የመቃብር ተክል በሕያዋን ቤት ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው የሚገባ ነበረና፥ ይህን ጽሕፈት የጻፍነው ለእርሳቸውም መልስ እንዲሆን ነው።

ተክሉ ወደ ቤታችን የገባው በአደራ ነው። የእናታችን ወንድም በሰሜን ሸዋ፥ ደጋው አልቆ ገደሉ ወደ ቆላ በሚወርድበት ስፍራ የሚኖሩ ካህን ነበሩ። ከቤታቸው በታች ባለው ገደል ላይ ይህ እሬት ከዐለቱ ስንጥቅ ተንጠልጥሎ ይበቅል ነበር። በኋላ መንገድ ሊወጣ የዐለቱ ወገን በድማሚት በፈረሰ ጊዜ፥ ከፍርስራሹ ውስጥ አንዱን ግንድ አንሥተው በግቢያቸው አቆዩት። ዐይናቸውን ሊታከሙ ወደ አዲስ አበባ በመጡበት ዓመትም ከግንዱ አንድ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልንና «ይህ አደራ ነው፤ ሲበዛ ወደ አገሩ መልሱት» አሉን። ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የብዙ ሰው የአደራ ክርክር ስንጽፍ ኖረናል። አደራ የተቀበለ ሰው የሰውን ዕቃ ከራሱ ገንዘብ አብልጦ ሊጠብቅ እንደሚገባው እናውቃለን፤ ይልቁንም አደራ ሰጪው ሞቶ ጠያቂ በሌለ ጊዜ አደራው የበለጠ ይከብዳል።

መጀመሪያ የፈለግነው ስሙን ማወቅ ነበር። የዕፀዋት ሊቃውንት ከጻፉት እንደ ተረዳነው፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጥ የእሬት ዓይነት አለ። የእኛን ተክል የሚመስለውን ዓይነት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ሚካኤል ጊልበርት የተባሉት ሊቅና የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው «አሎኤ ፑልኬሪማ» ብለው በላቲን ሰየሙት፤ ትርጓሜውም እጅግ ውብ የሆነው እሬት ማለት ነው። በአንዳንድ አገር ሰዉ ሴቴ እሬት ይለዋል። ቅጠሉ እንደ ሌላው እሬት ነጠብጣብ የለበትም፤ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ እሾኹም ጥቂት ነው። አበባው ቀይ ሆኖ በብዙ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። ፕሮፌሰር ሰብስቤም ስለ አገራችን ዕፀዋት ስለ ደከሙ፥ በለንደን ያለው የኪው የዕፀዋት ተቋም በዚያው አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሜዳሊያ ሰጥቷቸዋል።

ተክሉን ለመያዝ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ጠባዩን ይወቅ። እሬት በዐለት ላይ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ዝናም ሲገኝ ውኃውን በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል፤ በበጋም ከዚያ እየቈጠበ ይኖራል። ሌላው ተክል በቀን ፀሐይ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ሲስብ፥ እሬት ግን ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ በቀን ቢከፍት ውኃው በሙቀት ተንኖ ያልቅበት ነበር። በቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ዱቄትም ከፀሐይ የሚጋርደው ልብሱ ነው እንጂ አቧራ አይደለም፤ ስለዚህ በጨርቅ ሊጠርጉት አይገባም። ይህን ያወቀ ሰው፥ እሬት በውኃ ማጣት ከሚሞተው ይልቅ በውኃ ብዛት የሚሞተው ለምን እንደሚበልጥ ያስተውላል።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፥ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ አንዳንድ ቀንም ውርጭ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናሙና ጉሙ ፀሐይን ለብዙ ቀን ይሸፍናል። እንግዲህ በዚህ አገር እሬትን በቤት የሚይዝ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

አንደኛ፤ ማሰሮው ከሸክላ የተሠራ፥ ከሥሩም የተበሳ ይሁን። ሸክላ ይተነፍሳል፤ ቆርቆሮ ግን ውኃውን ያግታል።

ሁለተኛ፤ አፈሩ ዋልካ አይሁን፤ ዋልካ በክረምት ጭቃ፥ በበጋ ድንጋይ ይሆናልና። ከቀዩ የደጋ አፈር አንድ እጅ፥ ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ሁለት እጅ ቢቀላቀል ይስማማዋል። ፍግ አይብዛበት፤ የጠገበ እሬት ቅጠሉ ይለሰልሳል፥ መልኩም ይጠፋል።

ሦስተኛ፤ ውኃ የሚሰጠው አፈሩ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ደርቆ ሲገኝ ብቻ ነው። ይህም በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ከጣራ በታች ተቀምጦ ወይም ፈጽሞ አይጠጣ፥ ወይም በወር አንድ ጊዜ በጥቂቱ ይጠጣ። ውኃው በሥሩ ዙሪያ ይፍሰስ እንጂ በቅጠሎቹ መካከል ባለው ጉድጓድ አይቈይ። ቅጠሉ ሲከሳና ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ተጠምቷል፤ ከሥሩ ሲለሰልስና ብጫ ሲሆን ግን መበስበስ ጀምሯል።

አራተኛ፤ የጧት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ይቀመጥ፤ ማሰሮውም በየሳምንቱ በጥቂቱ ይዙር፥ አለዚያ ወደ ብርሃኑ አጋድሎ ይጣመማል። የቡና ከሰልና የዕጣን ጢስ በሚበዛበት ማዕዘን አይቀመጥ። በውርጭ ሌሊትም ከመስኮቱ መስተዋት ይራቅ።

አምስተኛ፤ በቅጠሉ ብብት ጥጥ የሚመስል ነጭ ተባይ ቢታይ፥ በትንሽ እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልሎ በአረቄ ነክሮ መንካት ያጠፋዋል።

ስድስተኛ፤ ቁራጭ ሊተክሉ ቢወዱ በተቈረጠ ዕለት በአፈር አይቅበሩት። ቁስሉ ደርቆ እስኪጠነክር ድረስ ሰባት ወይም ዐሥር ቀን በጥላ ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አፈር ይትከሉት፤ ውኃም ከሳምንት በኋላ ይጀምሩለት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሥራ መተው ነው። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ከዚሁ ተክል ቁራጭ ወስደው ነበር። በቤታቸው የሚኖር ሰው ሁሉ ተክሉን ይወደው ስለ ነበር፥ ጧት እመቤቲቱ፥ ቀትር ልጆቹ፥ ማታም አገልጋዪቱ ያጠጡት ነበር፤ አንዱም የሌላውን አያውቅም። ክረምቱ ሳያልቅ በቆመበት በሰበሰ። በፍቅር የተደረገ ነገር ሁሉ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ለምለም እሬት ባልተገኘ ነበር። ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት ተክሉ አንድ ጠባቂ ብቻ እንዲኖረው አደረግን፤ እርሳቸውም አማታችን ናቸው። መጀመሪያ የተቃወሙት እርሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን አፈሩን በጣታቸው ሳይለኩ ማንንም አያስነኩም።

ስለ ጤና ደግሞ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ከቅጠሉ ልጥ በታች የሚፈሰው ብጫና መራራ ፈሳሽ፥ በመካከል ካለው ነጭ ሙጫ ልዩ ነው። ብጫው ፈሳሽ ሆድን በብርቱ ያስቀምጣል። በተለይም ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን እንዳይጠጡት ይጠንቀቁ። የጌጥ ተክል ልጆች ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ አደራው ነገር እንመለስ። ተክሉ በሰባተኛው ዓመት በቤታችን አበበ። ቤተ ሰባችን ሁሉ ተደሰተ፤ ዘሩንም ለቅመን ለብዙ ሰው ለማካፈል ተስፋ አደረግን። ነገር ግን አበባው አንድ ፍሬ እንኳ ሳይዝ ረገፈ። ምክንያቱን ብንመረምር፥ አብዛኛው የእሬት ወገን በራሱ አበባ ብናኝ ፍሬ እንደማይዝ አገኘን። በእኛ አገር ሰው ሊጋባ ሲፈልግ እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ይቈጥራል፤ እሬትም እንደዚሁ ከሌላ ቤት የመጣ እሬት ይፈልጋል። ቀጭን ረጅም መንቈር ያላት ትንሽ ወፍ የአበባውን ወለላ ልትመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትበር ብናኙን ታደርሳለች። ከአንድ ግንድ የተቈረጠ ቁራጭ ግን፥ መቶ ማሰሮ ቢሞላም ያው አንዱ ተክል ነውና ለራሱ ባል ወይም ሚስት አይሆነውም።

የአጎታችን ቃል የገባን ያን ጊዜ ነው። «ሲበዛ ወደ አገሩ መልሱት» ማለታቸው ስለ ቤታችን ጠባብነት አልነበረም። ከፈረሰው ዐለት ማዶ ባለው ገደል ላይ የተክሉ ዘመዶች ገና አሉ። በዚያ ሆኖ ካበበ ዘር ይሰጣል፤ በእኛ መስኮት ሆኖ ካበበ ግን ያምራል እንጂ ትውልድ የለውም። ስለዚህ ከግንዱ የወጡ ሦስት ቅርንጫፎችን ቈርጠን፥ ሥር ካበቀልንላቸው በኋላ፥ ባለፈው ዓመት ዝናሙ ሊጀምር ሲል በአጎታችን ልጅ እጅ ወደ አገራቸው ሰደድናቸው። በዐለቱ ስንጥቅ ከተተከሉት ሁለቱ መያዛቸውን ሰምተናል። አሮጌው ግንድ እኛ ዘንድ ቀርቷል።

ይህን የምንጽፈው በየካና በእንጦጦ የሚኖር ሰው በቀላሉ ስለሚያስተውለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን፥ በተራራው ላይ የነበረው የጥንት ደን ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ ፈጥኖ አድጎም ከተማውን ከማገዶ እጦት አዳነ፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልም። የጥንቱ ጽድና ወይራ ዛሬ በይበልጥ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። ለትንንሾቹ ዕፀዋት ደግሞ የቀረላቸው መጠጊያ ዐለቱና ገደሉ ነው። በእንጦጦ በምዕራብ በኩል የተቋቋመው የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል የአገሩን ዕፀዋት ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ቤተ ሰቡን ይዞ ሄዶ የሚጐበኝ ሰው ይጠቀማል።

በሕግ በኩልም ነገሩ የተረሳ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በዋሺንግተን የተፈረመው፥ ብርቅ የሆኑ አራዊትና ዕፀዋት እንዳይጠፉ ንግዳቸውን የሚቈጣጠር የመንግሥታት ውል አለ፤ ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ገብታበታለች። በዱር የሚበቅለውን እሬት ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር በዚህ ውል የተከለከለ ነው። ሕጉ ግን የድንበሩን በር እንጂ የእያንዳንዱን ገደል ጫፍ ሊጠብቅ አይችልም፤ እርሱን የሚጠብቀው የሰው ልቡና ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን ውብ ተክል በቤታቸው ለማየት ቢወዱ፥ ከገደል አይንቀሉት፥ በመንገድ ዳር ተነቅሎ ለሽያጭ ቢቀርብም አይግዙት፤ በቤት ካሳደገው ሰው ቁራጭ ይለምኑ። የተቀበሉትንም በጥቂት ውኃና በብዙ ትዕግሥት ይያዙት። በበዛላቸውም ጊዜ ለጎረቤት ያካፍሉ፤ የትውልድ ገደሉ የታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የገደሉን ድርሻ ይመልሱለት።